ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ፦ የርችት ሌሊትና የቤት እንስሶቻችን

ነብሮ ለዘበኝነት የተፈጠረ ውሻ ነው ይሉ ነበር አባባ፣ የግቢያችን ጥበቃ። ደረቱ ሰፊ ነው፤ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውልና ሲመሽ ይለቀቃል። ጅብ ከወንዙ ወጥቶ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ እንኳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አያውቅም። ሌባም፣ ጅብም፣ የማያውቀው መኪናም እሱን ፈርተው ነው የሚያልፉት።

የዛሬ 6 ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ፣ እንግዳ ስለነበረን ሰንሰለቱን ሳንፈታለት አመሸን። ግቢው በዓል በዓል ይሸታል። ለነገ የተገዛው በግ ከቧንቧው አጠገብ ታስሯል፤ እናቴ ማድ ቤት ሽንኩርት ታቁላላለች፤ ልጆቹ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው በረንዳው ላይ ይንጫጫሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ርችት ከትልልቆቹ ሆቴሎች አቅጣጫ ተተኮሰ። ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፣ ወርቅማ ሆነ፣ ቀላ። ሁላችንም አንጋጠጥን። ወዲያው የሰፈሩ ጎረምሶች ተከተሉ፤ የእነሱ ደግሞ የሚፈነዳው ከአጥራችን ማዶ፣ 20 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ድምፁ ከቆርቆሮው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ቆርቆሮው እየተላተመ አንዱ ፍንዳታ ሦስት ሆኖ ይሰማል።

ሰማይ ሰማይ ስናይ ነብሮን ያየው ሰው አልነበረም። የሰንሰለቱን ኳኳታ ሰምቻለሁ። ሰምቼ «ይጫወታል» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ይህን ዛሬም ለራሴ ይቅር አልልም። ርችቱ ሲበርድ አባባ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው መጡና «እትዬ፣ ውሻው የለም» አሉኝ። ሰንሰለቱ ከእንጨቱ ጋር እንዳለ ቀርቷል፤ የአንገቱ ቀበቶ ከዘለበቱ ላይ ተበጥሷል። በስተጓሮ የአጥሩ ቆርቆሮ ከሥሩ ተገልብጧል፤ ሹሉ ጠርዝ ላይ ደምና ቡናማ ፀጉር ተጣብቋል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚባለውን አባባ ያን ሌሊት አልተረቱትም። ዝም ብለው ድንጋይ እየለቀሙ ቀዳዳውን ደፈኑት።

የአዲሱን ዓመት ጠዋት ያሳለፍነው ሰፈር ለሰፈር ስንዞር ነው። አበባየሆሽ የሚሉትን ልጃገረዶች «ቡናማ ውሻ አላያችሁም?» እያልን እንጠይቃለን። በሦስተኛው ቀን ከድልድይ ሥር፣ የውሃ ቱቦ ውስጥ ተወትፎ ተገኘ። መዳፎቹ ተልጠዋል፤ አንድ ጥፍሩ ከሥሩ ተነቅሏል። ስሙን እየጠራሁ ተንበረከክሁ። ዓይኑ እኔን እያየ አላየኝም። እጄን አሽትቶ ማን እንደሆንሁ እስኪገባው ድረስ ብዙ ደቂቃ ፈጀበት።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ቱቦ ነው።

ሰውና ውሻ በአንድ ግቢ ቢኖሩም አንድ ዓይነት ሌሊት አይሰሙም። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል። የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል፤ የድመት ደግሞ እስከ 64,000። ርችቱ ሲወነጨፍ የሚያወጣው ቀጭን ፉጨት ለእኛ ግማሹ የለም፤ ለእነሱ ሙሉ ነው። ድምፁም ቢሆን ቀላል ድምፅ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለሕዝብ የሚሸጥ ርችት በተወሰነው የጥንቃቄ ርቀት ላይ ሲለካ ከ120 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተደንግጓል። ከ120 ዴሲቤል በላይ ያለው ድምፅ ደግሞ የሰውንም ጆሮ የሚያሳምም ነው።

ከጩኸቱ ይልቅ ግን የሚከፋው ድንገተኛነቱ ይመስለኛል። ነጎድጓድ እንኳ ምልክት አለው። ደመናው ይጠቁራል፣ ነፋሱ ይነሳል፣ አፈሩ ይሸታል፤ ውሻ ይህን ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ያነባል። ርችት ግን ከጠራ ሰማይ፣ ከዚህም ከዚያም፣ በማይያዝ አፍታ ይፈነዳል። ሽታው የባሩድ ነው፤ ብልጭታው ከድምፁ ይቀድማል፤ መሬቱ ይርዳል። የእንስሳው ሰውነት የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው፦ ልብ ይፈጥናል፣ አድሬናሊን ይረጫል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እግር መውጫ ይፈልጋል። ሰንሰለት ካለ ሰንሰለቱን ይታገላል፤ አጥር ካለ አጥሩን። ነብሮን ያን ሌሊት ጀግንነቱ አልከዳውም። ጅብን ሊጮህበት ይችላል፤ ሰማይን ግን በየት በኩል ይናከሰዋል?

አስቀድሞ አልነገረንም እንዳልል ነግሮን ነበር። በዚያው ዓመት ቡሄ ላይ፣ ነሐሴ 13 ማታ፣ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ነብሮ ከሮቶው ጀርባ ገብቶ ተኛ። አባባ ሥጋ ወርውረውለት አልበላም። ደጋግሞ ያዛጋል፤ ምንም ሳይበላ ከንፈሩን ይልሳል። እኛም «ዛሬ ደክሞታል» አልን። ዛሬ ሳስበው ከዚያ የበለጠ ግልጽ ንግግር ሊናገር አይችልም ነበር።

ይህ የእኛ ቤት ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አነበብሁ። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጠይቅ ከተጠየቁት የውሻ ባለቤቶች 25 በመቶው ብቻ «ውሻዬ ድምፅ ይፈራል» ብለው መለሱ። ሌሎች ባለቤቶች ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ይንቀጠቀጣል ወይ? ይደበቃል ወይ? ሰው ሥር ሥር ይላል ወይ?» ተብለው በዝርዝር ሲጠየቁ፣ ቢያንስ አንድ የፍርሃት ምልክት አይተናል ያሉት 49 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ የውሾቹ አይደለም፤ የአስተዋዩ ዓይን ነው። ውሻ መንቀጥቀጥና ማላዘን ሲጀምር ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ማየት የለመድን ጥቂቶች ነን፦ ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፎ መቆየቱን፣ ጭራው ከሆዱ ሥር መግባቱን፣ ሳይሞቀው ማለክለኩን፣ የሚወደውን ምግብ እምቢ ማለቱን፣ አንድ ቦታ መቆም አቅቶት መንቆራጠጡን። ድመት ደግሞ ከውሻም ትብሳለች። ድምፅ ሳታሰማ ትሰወራለች፤ አልጋ ሥር ግድግዳ ጥግ ተለጥፋ፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ፣ ትንፋሿን ይዛ ታድራለች። ሰው ግን ድመቲቱ ምንም እንዳልሆነች ያወራል።

ፈርቶ የወጣ ውሻ አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቀው ብዙ ነገር ነው። በዓል ማታ የሰከረ ሾፌር አለ። የሌላ ሰፈር ውሾች መንጋ አለ። ባለቤት የሌለው የሚመስል ውሻ የሚመረዝበት ጊዜም አለ። ከሁሉም በላይ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በዓለም ላይ ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙባቸው 100 አጋጣሚዎች እስከ 99ኙ መነሻቸው ውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ በሽታው ሰውን ከመግደል አይመለስም ማለት ይቻላል። በድንጋጤ የሚሮጥ ውሻ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ሊይዘው የሚሞክረውን ልጅ ይነክሳል፤ ወይም እሱ ራሱ በታመመ ውሻ ተነክሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ነብሮን ባገኘንበት ቀን መጀመሪያ የጠየቅነው የክትባት ደብተሩን ነው፤ ዓመታዊ ክትባቱ እንዳላለፈበት ስናይ ነው ትንፋሽ የተመለሰልን። ከርችት ሌሊት በፊት ክትባቱን አረጋግጡ የምለው ለውሻው ብቻ ብዬ አይደለም። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ «እናያለን» ሳይባል ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። አዲስ አበቤ ዛሬም ድረስ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ በሽታ ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራ የኖረ ተቋም ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ስሙን የሚያውቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ሰንሰለት አንድ ነገር ልበል። ውሻ ቀን ማሰር ልማዳችን ነው፤ ለምን እንደምናስርም አውቃለሁ፤ እንግዳ አለ፣ ልጅ አለ፣ ፖስተኛ አለ። በርችት ሌሊት ግን ሰንሰለት ጠባቂ አይሆንም። የታሰረ ውሻ አጥር ለመዝለል ሲሞክር ሰንሰለቱ ከአጥሩ ማዶ ያንጠለጥለዋል፣ ያንቀዋል። የነብሮ ቀበቶ ባይበጠስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አባባም እኔም እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

እንግዲያ የት ይደር? እዚህ ላይ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሳ። በእናቴ ሕግ ውሻ ቤት አይገባም። ይህ የብዙ ቤት ሕግ ነው፤ ከእምነትም ከንጽሕናም የመጣ ነው፤ እኔም ላፈርሰው አልፈለግሁም። መፍትሔው ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ተገኘ። ከሰል የምናስቀምጥባት አንዲት ክፍል አለች፤ አንድ በር፣ አንዲት ትንሽ መስኮት። ከሰሉን አወጣን፣ መሬቱን አጠብን፣ መስኮቷን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋረድን። ብርድ ልብሱ ድምፁን ቢቀንስም ዋና ሥራው ብልጭታውን መከልከል ነው። ጥግ ላይ አሮጌ ጠረጴዛ አስቀምጠን በላዩ ላይ እስከ መሬት የሚደርስ ጨርቅ ጣልንበት፤ ፈሪ እንስሳ ጣሪያ ያለው ጠባብ ቦታ ይወዳል። ሳንነግራት እናቴ ራሷ የለበሰችውን አሮጌ ጋቢ አምጥታ ከጠረጴዛው ሥር አነጠፈች። «የሰው ሽታ ይኑረው» ብላ ነው። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ያላነበበችውን በትክክል ተናገረች።

ክፍሏን በዓል ማታ ብቻ ብንከፍትለት ኖሮ ለነብሮ እስር ቤት ትሆንበት ነበር። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ራቱን እዚያ ሰጠነው፤ በሩን ክፍት ትተን ሲፈልግ ገብቶ ሲፈልግ እንዲወጣ አደረግን። ድመት ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ ካርቶን ወይም የልብስ ቁም ሣጥን ሥር የራሷን ጉድጓድ ካዘጋጀች እዚያው ተዉላት፤ ጎትታችሁ አታውጧት። በራሷ ጊዜ ትወጣለች። ማታ የምትወጣ የምትገባ ድመት ከሆነች ግን ከመምሸቱ በፊት ተመግባ ቤት ውስጥ መቅረት አለባት፤ የምትጸዳዳበት አሸዋም እዚያው ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ፍርሃት በከፊል የተማሩት ነገር ነው፤ ስለዚህ በከፊል ማስረሳት ይቻላል። ማስረሳቱ ግን ጳጉሜ ላይ የሚጀመር ሥራ አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለዚህ የተመቸ የዘመን አቆጣጠር አለን። ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ አለ፤ ድምፅ የሚፈራ ውሻ እዚያ ላይ ራሱን ይገልጣል። ነሐሴ 13 ቡሄ አለ፤ የደብረ ታቦርን ነጎድጓድ የሚያስታውሰው ጅራፍ ሰፈሩን ሁሉ ያናውጣል። ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ 23 ቀን አለ፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 24። ከሦስት ሳምንት በላይ ነው። ቡሄ ላይ ውሻችሁን አስተውሉ፤ ማግስቱን ልምምድ ጀምሩ።

እኛ እንዴት እንዳደረግን ከቅርብ ላሳያችሁ። ሩብ ኪሎ ጉበት እቀቅላለሁ፤ ጨው የለበትም፣ ሽንኩርት የለበትም። የጥፍር ያህል እያደረግሁ እቆርጠዋለሁ። የርችት ድምፅ ከስልኬ ላይ እከፍታለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን እኔ ራሴ ጆሮዬን ካላስጠጋሁት የማይሰማ ያህል ዝቅ አድርጌ ነው። ጠብ ይላል፤ የነብሮ ግራ ጆሮ ትነቃለች። ጆሮዋ እንደነቃች ጉበቷ አፉ ውስጥ ናት። እንደገና ጠብ፤ እንደገና ጉበት። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምግቡ ይከተላል። ምግቡ ከቀደመ ውሻው ጉበት ባየ ቁጥር ፍንዳታ ይጠብቃል፤ የምናስተምረው ተገላቢጦሹን ይሆናል። አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በቃ። በሦስተኛው ቀን ድምፁን አንዲት ነጥብ ከፍ አደረግሁ። በስድስተኛው ቀን ቸኮልሁና ሦስት ነጥብ ጨመርሁ፤ ነብሮ ጉበቱን አፉ ውስጥ ይዞ ሳያኝክ ቆመ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ መጀመሪያው ቀን ተመለስሁ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ቀጭኑን እንጂ ከሆድ የሚመጣውን ጉምታ አያወጣም፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ከፍ ወዳለ የብሉቱዝ ስፒከር አለፍን።

ይህ ነገር ከእኔ ቤት ውጭም ተፈትኗል። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ስቴፋኒ ሪመር የ1,225 ውሾችን ባለቤቶች ጠይቃ ሁለት ጽሑፎች አሳትማለች። በመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ከውሾቹ 52 በመቶው ርችት እንደሚፈሩ፣ ቡችሎችን አስቀድሞ ማለማመድ ደግሞ ፍርሃቱን በእጅጉ እንደሚከላከል አሳየች። በማግስቱ ዓመት ባወጣችው ላይ ባለቤቶቹ ምን ሞክረው ምን እንደሠራላቸው ቆጠረች። ፍንዳታ በተሰማ ቁጥር ወዲያው ጣፋጭ ምግብ መስጠት ወይም ማጫወት ከሞከሩት ከ70 በመቶ በላይ ለሚሆኑት ሠርቷል። የተቀዳ ድምፅ ማሰማት ብቻውን 55 በመቶ፣ ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል ልብስ ማልበስ 44 በመቶ ነው ያገኘው። በገበያ የሚሞካሹት የዕፅዋት ጠብታዎችና የሚረጩ ማረጋጊያዎች ከ27 እስከ 35 በመቶ ላይ ቀሩ። ሰው ተስፋ አድርጎ የሰጠው ነገር ሁሉ ያን ያህል የሠራ ይመስለዋልና ይህ ብዙ የሚያወላዳ ቁጥር አይደለም። ገንዘባችሁን ጉበት ግዙበት።

«ሲፈራ ካባበልከው ፍርሃቱን ትሸልመዋለህ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ሰምቼ ሁለት ዓመት ሙሉ ነብሮ ሲንቀጠቀጥ ፊቴን አዙሬ ቆሜአለሁ። ፍርሃት ግን እንደ መቀመጥና እንደ መነሳት በሽልማት የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ሕፃን በነጎድጓድ ሲደነግጥ ብናቅፈው ነገ የበለጠ ይደነግጣል ብለን አናስብም። ውሻው ሊጠጋችሁ ከፈለገ አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጃችሁን ደረቱ ላይ አሳርፉ፤ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል። ብቻውን ጠረጴዛ ሥር መሆን ከፈለገም ይሁንለት። ቁጣ ግን በጭራሽ አይሁን። ከፍንዳታው ላይ የባለቤቱ ቁጣ ከተጨመረ የሚሸሽበት ሰው አያገኝም።

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የእነሱ የርችት ሌሊት በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 27፣ በእነሱ ጁላይ 4 ይውላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግለሰቦች ማንኛውንም ርችት፣ በእጅ የሚያዘውን ብልጭልጭ እንኳ ሳይቀር፣ እንዳይተኩሱ ይከለክላል። የሰኔው ሌሊት ግን ከሌላ ቦታ በመጣ ርችት ይናጋል፤ ከዋሽንግተን የሚተኮሰው ትልቁ የመንግሥት ርችት ደግሞ አለ። እዚያ ያሉ የእንስሳት ማቆያዎች በማግስቱ በጠፉ ውሾች ይጨናነቃሉ። ለዚህም ነው ሰው አስቀድሞ ከውሻው ቆዳ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ የሚያስቀብረው። እኛ ዘንድ ማይክሮቺፕ አልተለመደም፤ ነገር ግን ነብሮ ዛሬ አንገቱ ላይ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ አለው፤ ውስጡ የስልክ ቁጥሬ በማይለቅ ቀለም ተጽፏል። ስልኬ ላይም ፊቱን፣ ጎኑንና የተነቀለች ጥፍሩን የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉኝ። ያን ጊዜ እነዚህ ቢኖሩኝ ኖሮ ሦስት ቀን ባልፈጀብኝ ነበር።

ስለ መድኃኒት ሰው ብዙ ይጠይቀኛል። በልምምድ ብቻ የማይመለስ ፍርሃት አለ፤ ራሱን እስኪያቆስል የሚታገል ውሻ ሐኪም ያስፈልገዋል። በሪመር ጥናት ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የተጠቀሙ 69 በመቶዎቹ ጠቅሞናል ብለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ለዚሁ ፍርሃት ተብሎ የተፈቀደ ድድ ላይ የሚቀባ ጄል አለ። አሴፕሮማዚን የሚባለው የቆየ ማስተኛ ግን ብቻውን ሲሰጥ ያሳስባል፤ ገላውን ያደክመዋል እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋለትም። ውሻው ሁሉን እየሰማ መንቀሳቀስ አቅቶት ይተኛል፤ እኛም «ተረጋጋ» እንላለን። የሰው እንቅልፍ ክኒን ወይም ማስታገሻ ከመሳቢያ አውጥቶ መስጠትም አይቻልም፤ አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ልትገድል ትችላለች።

ነብሮ ባለፈው ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶብን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሽሎት ከቆየ በኋላ ቡሄ ላይ እንደገና ከሮቶው ጀርባ ገባ። ሐኪሙ ጋ ስወስደው የጠበቅሁት ስለ ጆሮው እንዲነግረኝ ነበር፤ እሱ ግን የኋላ እግሮቹን እያጠፈና እየዘረጋ ዳሌውን መረመረ። መገጣጠሚያው ታሟል። በእንግሊዝ አገር የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ ጽፈዋል፤ ድምፅ የሚፈሩ 20 ውሾችን ሲያነጻጽሩ፣ ሕመም ያለባቸው 10ሩ ፍርሃቱ የጀመራቸው ከሌሎቹ በአማካይ 4 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ውሻው በድምፁ ሲደነግጥ ሰውነቱ ይወጠራል፤ የታመመው መገጣጠሚያ ያመዋል፤ ድምፁና ሕመሙ አንድ ላይ ይያያዙበታል። በስተርጅና ድንገት ፈሪ የሆነ ውሻ ካላችሁ «አረጀ» ብላችሁ አትለፉት፤ ምናልባት እያመመው ነው።

በዓሉ ራሱ የሚያመጣው አደጋም አለ። የዶሮ ወጥ ቅሪት ለውሻ መስጠት ደግነት ይመስላል፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ግን የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ወጣችን ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በጉ ሲታረድ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወርም ልማድ ነው፤ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ከሆነ ውሻው የሚወስደው ትል ተመልሶ ወደ ልጆቻችን ይመጣል። ይቀቀል፣ ወይም ይቀበር።

ስለ ሌሎቹም አንድ ቃል። ኔዘርላንድ ውስጥ ራዳር ይዘው የአዲስ ዓመት ሌሊትን ያጠኑ ሰዎች፣ ሰዓቱ 6 ሲል በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ከየማደሪያቸው ተነስተው እስከ 500 ሜትር ከፍታ ድረስ በጨለማ ሲበርሩ አይተዋል። ጣሊያን ውስጥ ኮሌኪዮ የምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ድምፅ የማያሰማ ርችት ብቻ ይተኮስ ብላ ወሰነች፤ የጋላፓጎስ ደሴቶችም እ.ኤ.አ. በ2018 ድምፅ ያለውን ከለከሉ። ብርሃኑን አልከለከሉም። ለእኔ ይህ ልክ ነው። ልጆቼ በረንዳው ላይ የሚያጨበጭቡት ለቀለሙ ነው።

ዘንድሮ ዋዜማውን ከነብሮ ጋር ሰርቪስ ቤት አሳለፍሁ። ከሰዓት በኋላ አባባ በማሰሪያ ይዘውት ረዘም ያለ መንገድ ሄደው አደከሙት፤ ራቱን 12 ሰዓት ላይ በላ፤ ሳይመሽ ሽንቱን ሸና፤ ከዚያ የግቢው በር ተቆለፈ፣ የአጥሩ ሥር ሁሉ በባትሪ ታየ። ሬዲዮው ተከፈተ። ደግነቱ ዝናብ ጣለ፤ ጠብታው ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሬዲዮውን እንኳ ይሸፍናል። እኔ ከሰሉ በነበረበት ቦታ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጭኔ ላይ የጉበት ሣህን አለ።

6 ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው ፈነዳ። ነብሮ ከጠረጴዛው ሥር ራሱን ቀና አደረገ። ጆሮው ወደ ኋላ ሄደ፤ ደረቱ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ወደ በሩ አላየም፤ ወደ እጄ አየ። ሰጠሁት። አኘከ። ሁለተኛው ፈነዳ፤ ሰጠሁት። የአጥር ማዶው የጎረምሶቹ ሲጀምር ተነስቶ መጥቶ ሙሉ ክብደቱን እግሬ ላይ ጥሎ ተደገፈኝ፤ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ግን ይበላል። ወደ 20 ደቂቃ ገደማ እንዲህ ቆየን። አባባ በበሩ ስንጥቅ አጮልቀው «በላ?» አሉ። «እየበላ ነው» አልሁ።

ሣህኑ ባዶ ሲሆን ሬዲዮው ቀርቶ ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። ነብሮ ጋቢው ላይ ሦስት ጊዜ ተሽከረከረና ተኛ። ጠዋት በሩን ስከፍትለት እያነከሰ ወጣ፤ በጉን አሸተተ፤ ወደ አጥሩ ሄዶ አባባ የደፈኑትን ድንጋይ አሸተተ፤ ከዚያ እንግጫና አደይ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ በበሩ በሚያልፉት ልጃገረዶች ላይ በዚያ የበርሜል ድምፁ ጮኸባቸው።